ደሙ ከረጋ በኋላ ልብ እስኪረጋ

ሳንባዬ ላይ የረጋ ደም ተገኝቶብኝ ታክሜ ወደ ቤቴ ስመለስ የተሰጠኝ ወረቀት ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ፣ ስለ መድማት አደጋና ስለ ቀጣዩ ቀጠሮ በዝርዝር ይናገር ነበር፤ ስለ ልብ ምት ግን አንድም መስመር አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እንቅልፍ የነሳኝ ደግሞ ይኸው የልብ ምቴ ነው። ከአልጋ ተነሥቼ መታጠቢያ ቤት ስደርስ 115፣ የታጠበ ልብስ ይዤ ከምድር ቤት ደረጃውን ስወጣ 138፣ ምንም ሳልሠራ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ደግሞ 96 ይላል። ከሕመሙ በፊት አርፌ ስለካ ከ70 እምብዛም አያልፍም ነበር። ይህን የምጽፈው በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ሌሊት ስልካቸውን ለሚያገላብጡ ወገኖቼ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ከሳንባ ሐኪሜ ጋር ደጋግሜ ከተነጋገርኩት፣ ካነበብኩትና በራሴ ላይ ካየሁት ተነሥቼ አንድ ነገር በድፍረት እላለሁ፤ የልብ ምት ቁጥር ትርጉም የሚኖረው አብሮት ከመጣው ምልክት፣ ከትናንቱ ቁጥርና በዚያች ሰዓት ስንሠራ ከነበረው ነገር ጋር ሲታይ ነው።

የእኔ ችግር የተነሣው ከእግሬ ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ በበረዶው ወራት ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ እግሬ ታስሮ ከቤት ዋልኩ። ደም በሥር ውስጥ የሚረጋባቸው ምክንያቶች በጀርመናዊው ሐኪም በሩዶልፍ ፊርኮ ስም ሲጠሩ የኖሩ ሦስት ናቸው፤ የደም ዝውውር መዘግየት፣ የሥር ግድግዳ መጎዳትና የደሙ ራሱ ለመርጋት ማዘንበል። የተሰበረና የታሰረ እግር ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሊያሟላ ይችላል። ባት ውስጥ ካለው ጥልቅ የደም መልስ ሥር የተላቀቀ የረጋ ደም ሽቅብ ተጉዞ፣ በቀኙ የልብ ክፍል አልፎ፣ ወደ ሳንባ የደም ቅዳ ሥር ሲገባ መንገዱ እየጠበበ ይሄድና እዚያው ይሰነቀራል።

ልብ የሚፈጥንበት ምክንያት ከዚህ ይጀምራል። የቀኙ የልብ ክፍል ግድግዳ ቀጭን ነው፤ ሥራው ደምን ወደ ጎረቤቱ ሳንባ መግፋት ብቻ ስለሆነ ብዙ ጉልበት አያስፈልገውም። በክንዳችን ላይ የሚለካው የላይኛው የደም ግፊት 120 አካባቢ ሲሆን፣ በሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው አማካይ ግፊት በጤነኛ ሰው ከ20 አይበልጥም። መንገዱ በድንገት ሲዘጋ ለቀላል ሥራ የተበጀው ይህ ክፍል ይለጠጣል፣ በአንድ ምት የሚልከው የደም መጠን ያንሳል፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ሊቀንስ ይችላል። ጀሪካኑ ሲያንስ ምልልሱ እንደሚበዛ ሁሉ፣ ልብም በአንድ ምት ያጎደለውን በምቶች ብዛት ለማካካስ ይሮጣል። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ የተቀበለችኝ ነርስ ጣቴ ላይ መለኪያውን ሰክታ 124 ስታይ፣ የጀመረችውን ጥያቄ ሳትጨርስ ተሽከርካሪ ወንበር አስመጥታ ነው ወደ ውስጥ ያስገባችኝ። ሐኪሞች ይህን ሕመም ሲጠረጥሩ በሚጠቀሙበት ዌልስ በተባለው የነጥብ አሰጣጥ ከ100 በላይ የሆነ የልብ ምት ራሱን የቻለ ነጥብ አለው፤ ሕመሙ ከተረጋገጠ በኋላም የአደጋውን ክብደት ለመመዘን ምቱ 110 እና ከዚያ በላይ መሆን አለመሆኑ ይታያል። እንግዲህ ሕመሙን ያሳበቀ ቁጥር ከሆስፒታል ከወጣን በኋላም ከፍ ብሎ ሲታይ ብንደነግጥ አይፈረድብንም።

መድኃኒቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያስበው ክኒኑ የረጋውን ደም እንደሚያሟሟ ነው። ለአብዛኞቻችን የሚታዘዘው አፒክሳባን፣ ሪቫሮክሳባን ወይም ዋርፋሪን ግን የረጋው እንዳይጨምርና አዲስ እንዳይረጋ ይከላከላል እንጂ ያለውን አያሟሟም። የማሟሟቱን ሥራ የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ እሱም ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል። እኔ አፒክሳባን በመጀመሪያው ሳምንት 10 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ 5 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘልኝ፤ የሕክምናው ጊዜም ቢያንስ ሦስት ወር ነው። ልቤ ስለሚመታ መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብላችሁ በራሳችሁ ፈቃድ እንዳታቋርጡት አደራ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል የተደረገ ጥናት ውጤቱ ታትሞ ነበር፤ መድኃኒት ካላገኙት 19 ሕሙማን መካከል 5ቱ በዚሁ ሕመም ሲሞቱ ሌሎች 5 ሰዎች ደግሞ ደም ዳግም ረግቶባቸዋል፤ መድኃኒቱን ካገኙት 16 ሰዎች ግን በሳንባ ደም መርጋት የሞተ አልነበረም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ሕሙማንን ያለ መድኃኒት ትቶ ማወዳደርን ለኅሊና የሚከብድ አደረገው።

ታዲያ መድኃኒቱ እየሠራ፣ ደሙም እየሟሟ ከሆነ ልብ ለምን አይረጋም? ሐኪሜ የሰጠችኝ መልስ መጀመሪያ ላይ አላረካኝም ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ትክክለኛነቱ ገባኝ። በአልጋ የዋለ ሰው አቅሙን የሚያጣው ከሚገምተው በላይ በፍጥነት ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሥሮቻችን ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይቀንሳል፣ የእግር ጡንቻ ይላላል፣ ልብም ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ጊዜ መምታት ግድ ይሆንበታል። በካናዳ በ100 ሕሙማን ላይ ለአንድ ዓመት በተደረገ ኤሎፕ የተባለ ጥናት፣ ከዓመት በኋላ ግማሽ ያህሉ የአካል እንቅስቃሴ አቅማቸው ከሚጠበቀው በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ ተመራማሪዎቹም ለዚህ በዋናነት የጠቀሱት ሰውነት ከእንቅስቃሴ መራቁን ነበር። እኔ ይህን እንደ መልካም ዜና ነው የወሰድኩት፤ በመራመድ የሚመለስ ነገር ነውና።

በዚህ ላይ ፍርሃት ይጨመራል። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ በስልክ ቁጥሮቼን ስዘረዝርላት ሰምታ ሰምታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ልብሽ እንዲህ የሚመታው ቁጭ ብለሽ ስለምታዳምጪው ነው» አለችኝ። ግማሹን እውነት ተናግራለች። የልብ ምትን መለካት ራሱ የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ 98 ያየ ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው አድሬናሊኑ ይጨምራል፣ ቀጥሎ ሲለካ 107 ያገኛል። ሐኪሜ ያዘዘችኝ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳልነሣና ማታ ለጥቂት ደቂቃዎች አርፌ ከተቀመጥኩ በኋላ እንድለካና በደብተር እንድጽፍ ነበር። ደብተሩ የጠቀመኝ ለልቤ ብቻ ሳይሆን ለአእምሮዬም ነው፤ አንድ ቀን ከፍ ያለው በሚቀጥለው ዝቅ ሲል፣ የጠዋቱ ቁጥር ከሳምንት ሳምንት በጥቂቱ ሲወርድ በዓይን ይታያል።

የእናቴ አባባል ሌላኛው ግማሽ ግን ስህተት ነበር። ጠዋት ጠዋት ሲወርድ የነበረው ቁጥር ቆመና እንደገና ሽቅብ ማለት ጀመረ። ትንፋሼ አያጥርም፣ ደረቴን አያመኝም፣ ብቻ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ፊቴም ገርጥቷል ይሉኛል። ደብተሩን ያየችው ሐኪሜ ወዲያው የጠየቀችኝ ስለ ወር አበባዬ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መድኃኒቶች የወር አበባን ሊያበዙና ሊያስረዝሙ ይችላሉ፤ የእኔም በእጥፍ ያህል ጨምሮ ነበር። ደም ስትመረምረኝ ሄሞግሎቢኔ 9.8 ሆኖ ተገኘ፤ ለሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ኦክስጅን ተሸካሚው ደም ሲጎድል ልብ መፍጠኑ የማይቀር ነው። የብረት ማዕድን ክኒን ታዘዘልኝ፣ ከማህፀን ሐኪም ጋርም ተገናኘሁ፣ ቁጥሩም ቀስ እያለ ተመለሰ። ስለዚህ በተለይ ለእኅቶቼ የምለው ይህ ነው፦ በእኛ ባህል ስለ ወር አበባ ለሐኪም መናገር የሚያሳፍር ሊመስል ይችላል፤ እናንተ ግን ንፁሕ መጠበቂያውን በየስንት ሰዓቱ እንደምትቀይሩ ሳይቀር ተናገሩ። ጥቁር ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የማይቆም የድድ ወይም የአፍንጫ ደምም ካለ አትደብቁ። የልብ ምት መፍጠን አንዳንድ ጊዜ ደም አንድ ቦታ እየፈሰሰ መሆኑን ከሌላው ምልክት ቀድሞ ይናገራል።

ስለ መለኪያዎቹም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእጅ ሰዓት የሚለካው የልብ ምት የሚገኘው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ተልኮ የሚመለሰው ሲነበብ ነው፤ ሰዓቱ ከላላ፣ እጅ ከቀዘቀዘ ወይም ክንድ ብዙ ከተንቀሳቀሰ ንባቡ ይዛባል፤ ጠቆር ያለ ቆዳም አረንጓዴውን ብርሃን ይበልጥ ይውጣል። ከዚህ ይልቅ እኛን ጥቁሮችን በብርቱ ሊያሳስበን የሚገባው ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ መለኪያው ደህና ነው እያለ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ዝቅ ብሎ የተገኘ ሕሙማን በጥቁሮች ዘንድ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚበዙ አሳይቷል። እናም ትንፋሽ እያጠረ፣ ልብም እየሮጠ መለኪያው 95 ስላለ ብቻ «ደህና ነሽ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ትንፋሻችሁ ማጠሩን ደግማችሁ ተናገሩ። ምቱን ለማረጋገጥ ከሁሉ የሚቀለው በሁለት ጣት የእጅ አንጓን ወይም አንገትን ይዞ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። በዚያውም ምቱ እኩል እየሄደ ወይም እየዘለለ መሆኑ ይታወቃል፤ ሥርዓት የሌለው ምት ካለ ኢሲጂ የተባለውን የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ መነሣት ይገባል።

ከሕመሙ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሴ የሄድኩ ዕለት ሰዓቴ በተደጋጋሚ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቁሜ ሳለሁ ምቴ ከ120 አልፎ ነበር። ሰው ሲቆም ደም ወደ እግሩ ስለሚወርድ በጤነኛውም ላይ ምቱ በ10 ወይም በ20 ይጨምራል፤ ከአልጋ በተነሣ፣ ጾሞ በመጣና ከማታ ጀምሮ ውኃ ባልቀመሰ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። አጠገቤ የቆሙ እናት በመቋሚያቸው ጫፍ ወንበሩን እየጠቆሙ፣ «ተቀመጪ ልጄ፣ ለታመመ ተፈቅዷል» አሉኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ ቁጥሩ ወደ 95 ሲወርድ ብዙም ጊዜ አልወሰደበትም። ስለ ጾሙ ንስሐ አባቴን አማክሬ፣ መድኃኒቴን በሰዓቱ በውኃ እንድወስድና እስክድን እንዳልጾም ነግረውኛል። ቡናውን ግን ማንም አልከለከለኝም፤ ከአቦል በኋላ ቶና እና በረካውን በራሴ ፈቃድ ተውኩት እንጂ። ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች በጾም ወራት ሌላም የሚያስቡት ነገር አለ። ጎመን ብዙ ቫይታሚን ኬ ስላለው የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ ሁዳዴ ሲገባ ጎመኑ በድንገት ሲበዛ አይኤንአር የሚባለው የደም መርጋት መለኪያ ከሚፈለገው ከ2 እስከ 3 በታች ሊወርድ ይችላል። ጎመን እርም ይሁን ማለት አይደለም፤ መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ይሁን፣ አመጋገብ ሲቀየርም ለሐኪም ይነገር ማለት ነው።

መቼ ነው ታዲያ ደብተሩን ጥሎ ወደ ሆስፒታል መሮጥ የሚገባው? አርፈው ተቀምጠው ሳለ ምቱ በድንገት ከፍ ብሎ ሲቆይና ከሱ ጋር አዲስ የትንፋሽ ማጠር፣ አየር ሲስቡ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ለመሳት መቃረብ፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ወይም የአንድ እግር ማበጥ ሲመጣ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። እዚህ አሜሪካ 911፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። መድኃኒት ያመለጠው ሰው ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባል። ትኩሳት ካለም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ለሐኪም ይነገር። የቴኒሷ ሴሪና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2017 በወለደች ማግስት ትንፋሿ ሲያጥር፣ ቀደም ሲል ይኸው ሕመም ይዟት ስለነበር ሲቲ ስካን እንዲነሣላት አጥብቃ የጠየቀችው ራሷ ነበረች፤ ሳንባዋ ላይ የረጋ ደምም ተገኝቷል። አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው ለሐኪሙ «ይህን ስሜት አውቀዋለሁ» የማለት መብት አለው።

ሦስት ወር መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ የሚደረገውን ክትትል ማንም እንዳይዘለው እመክራለሁ። በጥቂት ሰዎች ላይ፣ ከመቶ ከ2 እስከ 4 በሚገመቱት፣ የረጋው ደም ሳይሟሟ ቀርቶ ወደ ጠባሳነት ይለወጥና በሳንባ ሥሮች ውስጥ ግፊትን ያበዛል። እነዚህ ሰዎች ትንሽ ሲራመዱ ልባቸው ይሮጣል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል፣ እግራቸው ሊያብጥ ይችላል፤ ከእንቅስቃሴ በመራቅ የሚመጣው ድካም በመራመድ ሲሻሻል የእነሱ ግን አይሻሻልም። ኤኮ በተባለው የልብ አልትራሳውንድና የሳንባን የአየርና የደም ስርጭት በሚያነጻጽር ምርመራ ይታወቃል፤ በቀዶ ሕክምና ጠባሳውን ማውጣት የሚቻልላቸውም አሉ። የእኔ ኤኮ የቀኙ የልብ ክፍል ወደ መጠኑ መመለሱን አሳይቷል።

መራመዱን የጀመርኩት በሐኪሜ ፈቃድ፣ ደረጃና ዳገት በሌለበት የገበያ ማዕከል ውስጥ ነው፤ ውጭው ብርድ ነበርና። የተሰጠኝ መመሪያ ቀላል ነው፤ እየተራመድኩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ መጨረስ ካልቻልኩ ፍጥነቴን መቀነስ። ያን ጊዜ የማየው ቁጥሩ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ሳይሆን ስቆም ምን ያህል ቶሎ እንደሚወርድ ነው። መጀመሪያ ላይ ከ130 ወደ 100 ለመውረድ ብዙ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፤ አሁን አንድ ሱቅ መስኮት ላይ የተሰቀለውን ዋጋ አንብቤ እስክጨርስ ይወርዳል። የጠዋቱ ምቴም ወደ 74 ተመልሷል።

በቅርቡ እናቴን ለማየት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ አስቤያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ባስጠናው መሠረት ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋትን ዕድል ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ከፍ ያደርጋል፤ ለጤነኛ ሰው ይህ ከ6,000 መንገደኞች አንዱን ያህል ነው፤ እኔ ግን ከጤነኞቹ ጋር አልቆጠርም። ሐኪሜ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ፣ በየሰዓቱ እየተነሣሁ በመተላለፊያው እንድራመድና ውኃ እንዳበዛ ብላኛለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቡ ቢፈጥን የሚጠበቅ ነው። ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ከቤት ብዙም አልርቅም፤ እናቴ ከአሁኑ የተሳለችልኝን የእንጦጦ ማርያም ጉዞም በመኪና እናደርገዋለን ብያታለሁ።